ቀለሙ ለምን አልመጣም?

ኮድ መማር የጀመረ ሰው ሲሳሳት የሆነ ነገር እንዲጮኽበት ይጠብቃል። ቀይ መስመር፣ ቃለ አጋኖ፣ ቢያንስ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። በፓይተን የጀመረ ሰው ይህን ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ይቆምና የተሳሳተበትን መስመር ቁጥር ይነግረዋል። በሲኤስኤስ የጀመረ ሰው ግን የሚያገኘው ዝምታ ነው። ይጽፋል፣ ያስቀምጣል፣ ገጹን ያድሳል። ገጹ እንደነበረው ነጭ ነው። ስህተትም የለም፣ ቀለምም የለም።

ለማያውቀው ለመንገር ያህል፦ ሲኤስኤስ የድረ ገጽን መልክ የሚወስን ቋንቋ ነው። ኤችቲኤምኤል ቤቱን ያቆማል፤ ሲኤስኤስ ይለስነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ዕቃው የት ይቀመጥ ይላል። ግራዲየንት ደግሞ አንድ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ሌላ ቀለም ሲሻገር ነው፤ የኢንስታግራም ምልክት ላይ ከቢጫ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ሐምራዊ እንደሚሄደው። የጀማሪ ትምህርቶች ይህን መልመጃ ይወዱታል። ያምራል፣ አጭር ነው፣ ተማሪውም «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ለጓደኛው የሚያሳየው የመጀመሪያ ነገር ይሆናል። ትዕግሥት የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

ምክንያቱ ሲቆጠር ይታያል። «ጀርባው ቀይ ይሁን» ለማለት ሁለት ቃልና በመሀላቸው ሁለት ነጥብ ይበቃል። «ጀርባው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይሂድ» ለማለት ግን፣ ቀለሞቹ በቁጥር ከተጻፉ፣ አራት መክፈቻ ቅንፍ፣ አራት መዝጊያ ቅንፍ፣ ዘጠኝ ኮማ፣ አንድ የአቅጣጫ ልክ፣ ዘጠኝ የቀለም ቁጥርና መጨረሻ ላይ አንድ ሴሚኮለን ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ብሮውዘሩ «ሦስቱም ቀለም ገብቶኛል፣ አንዲት ኮማ ናት የጠፋችው» ብሎ አይራራም። መስመሩን በሙሉ እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል።

አንዲት በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ አለች። ቀን ቀን አዳማ ውስጥ አንድ ሱቅ ካሸር ሆና ትሠራለች። ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በጋራ በሚጠቀሙበት ላፕቶፕ፣ የቀረውን የዳታ ፓኬጅ እየቆጠረች፣ በነፃ የሚሰጥ የኮዲንግ ትምህርት ትከታተላለች። የዚያ ሳምንት መልመጃ ማርከር የሚመስሉ ሦስት ሳጥኖችን መሥራት ነበር፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሳጥኖቹን ሠራች። ተራ ቀለም ስትሰጣቸው ተቀበሉ። ከዚያ ትምህርቱ የቀዩን ማርከር ቀለም በግራዲየንት ተኪው አላት። ተካችው። ማርከሩ ከነጭራሹ ጠፋ።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየች። ኮማዎቹን ቆጠረች። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ቅንፎቹ ተዘግተዋል፣ ሴሚኮለኑም ቦታው ላይ አለ። የመልመጃው አራሚ ግን በእንግሊዝኛ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማል፤ የቀዩ ማርከር ጀርባ ግራዲየንት መሆን አለበት ይላታል። እሷ ደግሞ የጻፈችው ግራዲየንት ነው! አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ላፕቶፑን ዘጋችና ለወንድሟ «ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» አለችው።

ስህተቱ ግራዲየንቱ ውስጥ አልነበረም። ከእሱ በፊት ያለው ቃል ላይ ነበር። ቀድሞ ተራ ቀለም ስትሰጥ የተጠቀመችው «ባክግራውንድ-ከለር» በሚባለው ፕሮፐርቲ ነው። (ኮዱ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ አንባቢ ያውቃል፤ እዚህ የተቀመጠው ድምፁ ነው።) ቀዩን አጥፍታ ግራዲየንቱን ስታስገባ ያንን ቃል አልነካችውም። ለምን ትነካዋለች? ቀለም ነው፣ በቀለም ተካችው። ማንም ጤነኛ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው።

ለሲኤስኤስ ግን ግራዲየንት ቀለም አይደለም። ሥዕል ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶ የሳጥን ጀርባ ላይ እንደሚለጠፈው ሁሉ፣ ግራዲየንትም ብሮውዘሩ ራሱ በዚያች ቅጽበት ሥሎ የሚለጥፈው ሥዕል ነው። የቋንቋው ደንብ እንኳን ስለ ግራዲየንት የሚያወራው ስለ ቀለም በሚናገረው ሰነድ ውስጥ ሳይሆን ስለ ሥዕሎች በሚናገረው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ባክግራውንድ-ከለር» ቀለም ብቻ የሚቀበል ቦታ ስለሆነ ሥዕል ሲመጣበት አይቀበልም፤ ተቀባዩ «ባክግራውንድ-ኢሜጅ» ወይም ሁሉንም ጠቅልሎ የሚይዘው «ባክግራውንድ» ነው። ቀይ ቀለሙ ተሰርዟል፣ በቦታው የመጣው አልተቆጠረም፤ ሳጥኑ ያለ ጀርባ ቀረ። ጠፋ የተባለው ማርከር እዚያው ቆሟል፤ ልብስ ነው ያጣው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ የፈለገችው የፊደል ስህተት ነበር። የነበረው ግን የዓይነት ስህተት ነው። የፊደል ስህተትን ደግሞ ደጋግሞ በማየት ማግኘት ይቻላል፤ የዓይነት ስህተት ግን ሺህ ጊዜ ቢታይም አይገኝም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቃል በራሱ ትክክል ነው። «ባክግራውንድ-ከለር» ትክክለኛ ቃል ነው። ግራዲየንቱም ትክክል ነው። አብረው መቀመጣቸው ነው ጥፋቱ። አስተውሎ ማንበብ አልረዳትም፤ ባለማስተዋሏም አልነበረም የተሳሳተችው። ይህን የሚነግራት ስላልነበረ ግን ጥፋቱን አእምሮዋ ላይ ጫነችው።

ነገሩን ያስተካከለላት እዚያው ግቢ ተከራይቶ የሚኖር፣ አንድ ባንክ ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ ልጅ ነው። ጥሩነቱ ላፕቶፑን ከእጇ አልነጠቀም።

«እስቲ ግራዲየንቱን በሙሉ አጥፊውና ዝም ብለሽ ቀይ በይ» አላት።

«እሱማ ይሠራል።»

«ይሥራ፣ እንየው።»

ሠራ። ቀዩ ማርከር ተመለሰ።

«አየሽ፣ ሳጥኑ አለ፤ ስሙም ተገናኝቷል፤ ፋይሉም ይነበባል። እነዚህን ከአሁን በኋላ አትጠርጥሪያቸው። አሁን ግራዲየንቱን መልሺና ሳጥኑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢንስፔክት በይ።»

አለች። በጎን የተከፈተው ሰሌዳ ላይ የሷ መስመር አለ፤ ግን መሀል ለመሀል ተሰርዟል። አጠገቡ ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተቀምጧል።

«ይሄን ማን ሰረዘው?»

«ብሮውዘሩ ነዋ። ሲነግርሽ ነበር እኮ፤ የሚናገርበት ክፍል ሌላ ነው።»

ጣቷን ቢጫዋ ምልክት ላይ ስታሳርፍ ዋጋው ለዚህ ፕሮፐርቲ አይሆንም የሚል አጭር ቃል ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃ ሥራ ነው።

ብሮውዘሩ ስህተቱን ካወቀው ታዲያ ለምን ፊት ለፊት አይናገርም? የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል የቆጠረ ሰው ይሄ አይዋጥለትም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አሥር ልጅ ባንድ ላይ እያነበነበ፣ አንዱ ካዕቡን ሣልስ ብሎ ቢያልፍ ይሰሙታል። ሰምተውም አያልፉም፤ አለንጋውም ሩቅ አይደለም። ብሮውዘር ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። የሲኤስኤስን ሐሳብ መጀመሪያ ያቀረበው ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ ሲሆን ጊዜውም ጥቅምት 1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የሚሠራው ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ነበር። ከሆላንዳዊው በርት ቦስ ጋር ያዘጋጁት የመጀመሪያው ደንብ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ደንቡ ውስጥ አንድ ትልቅ ውሳኔ አለ፦ ብሮውዘር ያልገባውን መስመር ይዝለለው፣ የገባውን ይሥራ። ቋንቋው ነገ እንደሚያድግ ያውቁ ነበር። ነገ የሚጨመረውን ቃል የዛሬው ብሮውዘር አያውቀውም። ባላወቀ ቁጥር ገጹን ዘግቶ የሚጮኽ ከሆነ ማንም ሰው አዲስ ነገር ለመጠቀም አይደፍርም።

ግራዲየንት ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በ1996ቱ ደንብ ውስጥ አልነበረም። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳፋሪ ሞተር የሆነው ዌብኪት ይዞት ብቅ ሲል ሌሎቹ ብሮውዘሮች አያውቁትም ነበር። ሠሪዎቹ ያኔ ያደረጉት ሁለት መስመር መጻፍ ነው፦ መጀመሪያ «ጀርባው ሰማያዊ ይሁን»፣ ቀጥሎ «ጀርባው ግራዲየንት ይሁን»። አዲሱ ብሮውዘር ሁለቱንም አንብቦ የኋለኛውን ይይዛል። አሮጌው ሁለተኛውን መስመር ስላልገባው ይዘለውና ሰማያዊውን ይዞ ይቀራል። ማንም አልተጎዳም፣ ጽሑፉ ይነበባል። ዛሬም ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ለዓመታት ያልታደሰ ስልክ ይዞ አዲስ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው፣ ጌጡ ቀርቶበት ዋናው ነገር የሚደርሰው በዚሁ መዝለል ምክንያት ነው።

ስለዚህ ያቺን ልጅ ያስመረራት ዝምታና ባለ አሮጌ ስልኩን ከኢንተርኔት ያላስወጣው ዝምታ አንድ ናቸው። ይሄኛውን ይዞ ያኛውን መጣል አይቻልም። የሚቻለው ማስተማር ነው፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ትምህርት ከቀለም ይጀምርና ወደ ቅርጽ፣ ወደ አቀማመጥ ይሄዳል፤ ብሮውዘሩ የት ጋ እንደሚናገር የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፣ ካሳየም። ሰውን መኪና ለማስነዳት መሪውን ሰጥቶ ዳሽቦርዱን በጨርቅ እንደመሸፈን ነው። በስልክ የሚማሩት ደግሞ ይብስባቸዋል፤ የስልክ ብሮውዘር ላይ ራይት ክሊክ የለም፣ ቢጫዋም ሦስት ማዕዘን የለችም። ለእነሱ የቀራቸው ያ የጎረቤት ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ነው፦ ግራዲየንቱን በአንድ ተራ ቀለም ተክቶ ማየት። ተራው ቀለም ከመጣ ጥፋቱ ግራዲየንቱ መስመር ላይ ነው። ተራውም ካልመጣ ግራዲየንቱን መመርመር ድካም ብቻ ነው፤ ምናልባት ሳጥኑ ባዶ ነው። ውስጡ ጽሑፍ የሌለው፣ ቁመትም ያልተሰጠው ሳጥን ቁመቱ ዜሮ ነው፤ በዜሮ ቁመት ላይ ደግሞ የፈለገ ቀለም ቢቀባ አይታይም።

ዝምታ ውስጥም ፍንጭ አለ፤ ማንበቡን ማወቅ ነው። ምን ያህል ነገር እንደጠፋ ይታይ። የጠፋው ያ መስመር ብቻ ከሆነ ዋጋው ተበላሽቷል ማለት ነው። ያ መስመርና ቀጥሎ ያለው አብረው ከጠፉ ሴሚኮለን ተረስቷል፤ ብሮውዘሩ ሁለቱን እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሁለቱንም ጥሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ያለው በሙሉ ከጠፋ፣ የከፈቱትን ቅንፍ አልዘጉም። ያልተዘጋ ቅንፍ ከታቹ ያለውን ሁሉ ይውጣል፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ማርከር ምንም ሳያጠፉ ከቀዩ ጋር ይሄዳሉ። ጀማሪ ይህን ሲያይ ሦስቱንም ማርከር መጠገን ይጀምራል። አንዱን ቅንፍ ቢዘጋ ሦስቱም ይመለሱ ነበር።

ክፍት ቦታም ኃይለኛ ነገር ነው። በግራዲየንት ስምና በመክፈቻ ቅንፉ መካከል አንድ ክፍት ቦታ ከገባ ብሮውዘሩ ስሙን ለብቻ ቅንፉን ለብቻ ያነብና መስመሩን ይጥላል። 90 ዲግሪ ሲባልም ቁጥሩና ዲግሪው ተጣብቀው መጻፍ አለባቸው። የስልክ ኪቦርድ ደግሞ ለሰው እንጂ ለኮድ ስላልተሠራ ራሱ ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ቃል «ያርማል»፣ ሁለት ሰረዝን አንዳንዴ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይለውጣል። ከቴሌግራም ተቀድቶ የመጣ ኮድ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ስህተትም አለ። በአማርኛ ኪቦርድ ሲጽፍ የነበረ ሰው ሳይቀይር ኮማ ሊያስገባ ይሞክርና ነጠላ ሰረዝ ይገባል፤ ሴሚኮለን ሊል ድርብ ሰረዝ ይገባል። ለእኛ ነጠላ ሰረዝ ማረፊያ ምልክት ነው። ለብሮውዘር ግን ከ«ሀ» እና ከ«ለ» የማይለይ ተራ ፊደል ነው። ስለዚህ «ቀይ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጎን ነጠላ ሰረዝ ከተቀመጠ፣ ብሮውዘሩ «ቀይ» ብሎ አያቆምም፤ ነጠላ ሰረዙን የስሙ መጨረሻ ፊደል አድርጎ «ቀይ፣» የሚባል ቀለም ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቀለም ደግሞ የለም። መስመሩ ይወድቃል። በትንሽ ስክሪን ላይ ይሄን በዓይን መለየት ጭንቅ ነው፤ የውጭ አገር መምህርም ሊያስብበት አይችልም፤ የትኛውም የእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ ተጽፎ አይገኝም።

አቅጣጫም የራሱ ታሪክ አለው። በ2010 አካባቢ የተጻፉ ትምህርቶች ዛሬም ይገኛሉ። በእነሱ ጊዜ «ግራ» ማለት ከግራ ተነሣ ማለት ነበር። አሁን የሚጻፈው «ወደ ቀኝ» ነው፤ «ወደ» የሚለው ቃል ከሌለ መስመሩ አይቆጠርም። ዲግሪውም ተለውጧል፦ በድሮው አጻጻፍ 90 ዲግሪ ወደ ላይ ነበር፣ በአሁኑ ወደ ቀኝ ነው። አንድ ሰው ሁለት ትምህርት አጠገብ ለአጠገብ ከፍቶ ሁለቱ ሲጋጩበት፣ አንደኛው ውሸታም መስሎ ይታየዋል። ሁለቱም በየዘመናቸው እውነት ተናግረዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ወገን ደግሞ አለ፦ ኮዱ ትክክል ሆኖ ውጤቱ ስህተት የሚመስልበት። ለገጹ በሙሉ ግራዲየንት ሰጥቶ በሽንሽን የተሠራ ልብስ የሚመስል መስመር መስመር ያገኘ ሰው ምንም አላጠፋም፤ ገጹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ገጹም አጭር ነው፣ አጭሩ ሥዕል ደግሞ ስክሪኑን ለመሙላት ራሱን ይደጋግማል። ዝቅተኛው ቁመት የስክሪኑን ያህል እንዲሆን ሲደረግ ያልቃል። ሌላው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሄደ ሰው ነው። ትምህርት ቤት በውኃ ቀለም ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቅ አረንጓዴ እንደሚሆን ተምሯል፤ ስክሪኑ ላይ ግን መሀሉ ግራጫ ሆነበት። የስክሪን ቀለም ብርሃን ነው፣ የሚሰላውም በቁጥር ነው፦ ቢጫ 255፣ 255፣ 0 ነው፤ ሰማያዊ 0፣ 0፣ 255 ነው። የሁለቱ መሀል ሦስቱም ቁጥር ወደ 128 ይሆናል፤ ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ግራጫ ነው። አረንጓዴ የሚፈልግ አረንጓዴውን ራሱ መሀል ላይ ይጻፈው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ባንዲራ በግራዲየንት ለመሥራት የሞከረ ሰው ቀለሞቹ እርስ በርስ ይቀልጡበታል። አንዱ ቀለም የሚያልቅበትና ቀጣዩ የሚጀምርበት በመቶኛ አንድ ሲደረግ ነው ድንበሩ ቀጥ የሚለው። (የመሀሉን ምልክት ክርክር ለሌላ ቀን።)

እስካሁን የተወራው ስለ አንድ ዳኛ ነው፤ ስለ ብሮውዘሩ። የኦንላይን መልመጃ ግን ሁለት ዳኛ አለው፤ የብዙ ተማሪ መከራም ሁለቱን አለመለየት ነው። ሁለተኛው የመልመጃው አራሚ ነው። ይሄኛው ከብሮውዘሩ ተቃራኒ ጠባይ አለው፦ አይዘልም፣ አይምርም፣ ዓይንም የለውም። ሥዕሉ ማማሩን አያይም፤ የተጻፈው ከሚጠብቀው ጋር መግጠሙን ነው የሚያየው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ግራዲየንት 180 ዲግሪ ነው፤ አቅጣጫ ካልተጻፈም ብሮውዘሩ በራሱ ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ 180 ዲግሪ የጻፈና ምንም ያልጻፈ ሰው የሚያዩት ሥዕል አንድ ነው። አራሚው ግን 180 ጻፉ ካለ፣ ያልጻፈውን ይጥለዋል። ቀይን በስሙ የጠራና በቁጥር የጻፈም እንደዚሁ፤ በዓይን አንድ፣ በአራሚው ዘንድ ሁለት።

ስለዚህ ተማሪ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ተሳሳትኩ?» አይደለም፤ «ማን ነው ያልተቀበለኝ?» ነው። ቀለሙ ካልታየ ያልተቀበለው ብሮውዘሩ ነው፤ ወደ ኮዱ ይመለስ። ቀለሙ ታይቶ አራሚው እምቢ ካለ ኮዱ ጤነኛ ነው፤ ወደ ትእዛዙ ይመለስና ቃል በቃል ያንብበው። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ የሚፈተነው ኮድ ማወቅ ሳይሆን መመሪያ ማንበብ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ብዙዎች ቋንቋው ላይ ወድቀው ኮዱ ላይ የወደቁ ይመስላቸዋል።

ይሄ ነገር አሁን ከመቼውም በላይ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለ። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚለውን መርሐ ግብር ካስጀመረ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ፣ በመምህርነት፣ በሒሳብ ሥራ፣ በግብርና የተመረቀ ሰው ሁሉ ኦንላይን መማር ጀምሯል። መልካም ነው። ከሱ ጋር ግን የመልስ መለዋወጫ ግሩፖች ተፈለፈሉ። አንዱ «ይሄ አልሠራልኝም» ብሎ ስክሪንሾት ይለጥፋል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላው ያለቀ ኮድ ይለጥፍለታል። ኮፒ፣ ፔስት፣ አራሚው «ትክክል» ይላል፣ ቀጣዩ መልመጃ ይከፈታል። መልሱን የሰጠው ሰው ክፋት የለውም፤ በገዛ ጊዜው ነው የረዳው። ነገር ግን ጠያቂው አሁንም ግራዲየንት ሥዕል መሆኑን አያውቅም። ያወቀው ያ ግሩፕ ፈጣን መሆኑን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሰርተፍኬቱ እጁ ከገባ በኋላ አንድ ደንበኛ «የሱቄን ገጽ ጀርባ ቀይርልኝ» ሲለው ያው ነጭ ገጽ ይጠብቀዋል፤ ያኔ አራሚም ግሩፕም የለም።

ተቃራኒው ደግሞ «ራስህ ፈልገው፣ ጎግል አድርግ» የሚለው ኩራተኛ መልስ ነው። ይሄም አይጠቅምም። አርባ ደቂቃ ኮማ የቆጠረ ሰው ስንፍና የለበትም፤ የት እንደሚታይ ነው ያልተነገረው።

እነዚያን ግሩፖች የምታስተዳድሩ ወዳጆች፣ አንድ ነገር ብትሞክሩ፦ «አልሠራልኝም» የሚል መልእክት ሲመጣ ኮድ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ «ቀለሙ ይታይሻል ወይስ አይታይሽም?» ሁለተኛ፣ «ግራዲየንቱን አጥፍተሽ ተራ ቀለም ስትጽፊ ይመጣል?» ኮዱም በስክሪንሾት ሳይሆን በጽሑፍ ይላክ፤ ከፎቶ ላይ ነጠላ ሰረዝን ከኮማ መለየት ለእናንተም ይከብዳችኋል። ጠያቂዋ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትሞክር ግማሾቹ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ «አገኘሁት፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት ይመጣላችኋል። ያኔ «ምን ነበር?» በሏትና ራሷ ለግሩፑ ትጻፈው።